የእንግሊዝና የአየርላንድ ግጥም እንዴት ይጣጣማል? መጀመሪያ በጆሮ

በ1995 ቢቢሲ ለብሪታንያ ሕዝብ አንድ ጥያቄ አቀረበ። ከሁሉ አብልጣችሁ የምትወዱት ግጥም የቱ ነው? (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛ የወጣው የራድያርድ ኪፕሊንግ «ኢፍ» ነው። ሁለተኛ የቴኒሰን «ዘ ሌዲ ኦፍ ሻሎት»፣ ሦስተኛ የዋልተር ደ ላ ሜር «ዘ ሊስነርስ» ሆኑ። ዎርድስዎርዝ ስለ ቢጫ አበቦች የጻፈው ግጥም አምስተኛ ደረጃ አገኘ። ከአምስቱ ውስጥ ሼክስፒር የለም። ሚልተንም የለም።

ዝርዝሩን ምሁራን ቢያወጡት ኖሮ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። እኔ ግን የአንባቢዎቹን ምርጫ በቁም ነገር ነው የማየው። ከእነዚህ ግጥሞች አብዛኞቹ በቃል የሚያዙ ናቸው። ምታቸው ጎልቶ ይሰማል፣ ቤታቸው ይመታል። በልጅነቱ የተማራቸው ሰው ሸምግሎም ከአፉ አይጠፉም። አንባቢው የመረጠው መጀመሪያ በጆሮው የገባለትን ነው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። እንግሊዝኛ ተምረናል። ዜናውን እናነባለን፣ ፊልሙን እናያለን፣ በሥራ ቦታ ኢሜይል እንጽፍበታለን። ግጥሙ ጋ ስንደርስ ግን መዝገበ ቃላት እናወጣለን። ቃል በቃል ፈትተን ስንጨርስ ትርጉሙ እጃችን ላይ አለ፤ ግጥሙ ግን የለም። «ዓለም የሚያደንቀው ይህንን ነው እንዴ?» ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የጎደለን ቃል አይደለም። የእንግሊዝኛ ግጥም በምን እንደሚሠራ ማወቅ ብቻ ነው የቀረን። እሱ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም።

ከምቱ እንነሣ። በአማርኛ ግጥም የምንቆጥረው ቀለም ነው። የወል ቤት ስንኝ ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ ስድስት ቀለም፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ስድስት ቀለም። ሰንጎ መገን ደግሞ አምስት በአምስት ይሄዳል። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ስንኙ ሲጎድል ጆሮው ይነግረዋል። እንግሊዝኛም ቀለም ይቆጥራል። ዋናው ሒሳቡ ያለው ግን በጫና ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ አንዱ ቀለም ከሌሎቹ ከብዶ ይነገራል። «ሰመር» ሲባል የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። «ከምፔር» ሲባል የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ገጣሚው እነዚህን ቀላልና ከባድ ድምፆች እንደ ከበሮ ምት ይደረድራቸዋል።

በ1609 ከታተሙት 154 የሼክስፒር ሶኔቶች (ባለ አሥራ አራት ስንኝ አጫጭር ግጥሞች ናቸው) አሥራ ስምንተኛውን እንውሰድ። የመጀመሪያው ስንኝ በእኛ ፊደል ሲጻፍ እንዲህ ይከፈላል፦ ሻል አይ፣ ከምፔር፣ ዚ ቱ፣ አ ሰ፣ መርስ ዴይ። አሥር ቀለም ነው። በየጥንዱ ሁለተኛውን ጠበቅ አድርጋችሁ በሉት። አምስት ከባድ ምት ታገኛላችሁ። ከሼክስፒር እስከ ሚልተን፣ ከዎርድስዎርዝ እስከ ኪትስ፣ ከታላላቆቹ የእንግሊዝኛ ግጥሞች እጅግ ብዙዎቹ የቆሙት በዚህ ምት ላይ ነው። አሁን ሦስተኛውን ስንኝ ስሙ። «ራፍ ዊንድስ» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ኃይለኛ ነፋስ ማለቱ ነው። ሁለት ከባድ ድምፅ ጎን ለጎን ቆመ። ነፋሱ ሲመጣ ምቱ ተናጋ! ገጣሚው ምቱን መጀመሪያ የሚያስለምደን በፈለገበት ቦታ ሊሰብረው ነው። በዓይን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያገኘውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው። በአማርኛው ልማድ ስንኙ ሲዘጋ ሐሳቡም ብዙ ጊዜ አብሮ ይዘጋል። ቢበዛ በሁለተኛው ስንኝ ይጠናቀቃል። በእንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገሩ ስንኙን ጥሎ ይሄዳል። ከአንዱ ስንኝ ወገብ ተነሥቶ በሦስተኛው ወገብ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ትንፋሽ የሚወሰደው ነጥቡና ኮማው ባለበት ነው። በየስንኙ ጫፍ የሚቆም አንባቢ መንገዱ ይጠፋዋል።

ኪፕሊንግ በ1910 ያሳተመው «ኢፍ» የዚህ ትልቁ ማሳያ ነው። ግጥሙ 32 ስንኝ አለው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አባት ልጁን ይመክራል። እንዲህ ብትችል፣ እንዲያ ብትታገሥ፣ ይህን ብታጣና ዳግም ከዜሮ ብትጀምር እያለ «ብት» በ«ብት» ላይ ይከምራል። ማሰሪያው የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ነው፤ ያኔ ምድር ያንተ ናት፣ ሰው ትሆናለህ፣ ልጄ። እኛ ግሣችንን መጨረሻ ላይ አድርገን የምንናገር ሰዎች ነን። አንድ ሰው ወሬውን ጀምሮ ማሰሪያው ላይ እስኪደርስ መጠበቅ ለምደናል። ስለዚህ ይህን ግጥም እኛ ከማንም ቀድመን ልንሰማው የምንችል ይመስለኛል። በልባችሁ ልጅ ሆናችሁ ያንን ማሰሪያ እየጠበቃችሁ አንብቡት።

ሦስተኛው መታጠፊያው ነው። ሶኔት፣ እንዳልነው፣ 14 ስንኝ ያለው አጭር ግጥም ነው። ከጣሊያን ነው የመጣው። አጭር ይሁን እንጂ ውስጡ አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል። ብዙውን ጊዜ ስምንት ስንኝ አንድ ነገር ይነግራችሁና ዘጠነኛው ላይ «ነገር ግን» ይላል፤ ወይም ሰዓቱ ይለወጣል፣ ወይም ተናጋሪው ፊቱን ያዞራል። የሼክስፒሩ ላይ እስከ ስምንተኛው ድረስ ሁሉም ውበት ይረግፋል ይባላል። ዘጠነኛው «ያንቺ በጋ ግን አይጠፋም» ብሎ ይነሣል። («ያንተ» የሚሉም አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ 126 ሶኔቶች በአብዛኛው የተጻፉት ለአንድ ወጣት ወንድ ነው ተብሎ ነው የሚነበቡት።) ሶኔት ስታነቡ መታጠፊያውን ፈልጉ። እሱን ያገኘ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አራተኛው፣ ማነው የሚናገረው? ሼሊ በ1818 ያሳተመውን «ኦዚማንዲያስ»ን እዩ። ይህም ሶኔት ነው። ሼሊ ከወዳጁ ከሆራስ ስሚዝ ጋር በአንድ ርዕስ ላይ ተፎካክረው ጻፉት፤ የሁለቱም ታተመ። የሼሊ ብቻ ቀረ። ግጥሙ ሲጀምር «እኔ» የሚል ሰው አለ። እሱ ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ አገኘ። መንገደኛው በረሃ ላይ ወድቆ ያየውን የተሰበረ ሐውልት ይተርካል። ሐውልቱ ሥር ደግሞ የንጉሡ ቃል ተቀርጿል። እናንተ ኃያላን፣ ሥራዬን ተመልክታችሁ ተስፋ ቁረጡ ይላል። ከዚያ ዙሪያው አሸዋ ብቻ ነው። በአሥራ አራት ስንኝ ውስጥ ሦስት አፍ!

በቅኔ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅ ብሎ ይጮህ ይሆናል። ደስ የሚለው ነገር ግን አሠራሩ ይለያል። በእኛ ቅኔ ሁለቱን ትርጉም የሚያኖረው ባለቅኔው ነው። እዚህ ግን ንጉሡ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የቀረጸው። ቃሉ እንዳለ ቆሞ ዙሪያው ያለው ከተማ ፈረሰ። ሁለተኛውን ትርጉም የጨመረበት ጊዜ ነው። «ተስፋ ቁረጡ» ያኔ ፉከራ ነበር፤ አሁን ለኃያላን ሁሉ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሆነ።

የወርቅ ፍለጋው ልማድ አንዳንዴ ይጎዳናልም። ሁሉም የእንግሊዝኛ ግጥም የተደበቀ ነገር የለውም። ኪትስ በመስከረም 1819 ዊንቸስተር ከተማ ውስጥ ስለ መኸር የጻፈው «ቱ ኦተም» 33 ስንኝ ነው። ምክር የለውም፣ ክርክር የለውም። የበሰለ ፍሬ፣ ንብ፣ የታጨደ ማሳ፣ የማታ ድምፆች። በሃያ አምስት ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ ልጅ ነው የጻፈው። «ምን ለማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግጥሙን ያበላሸዋል። የሚበላ ነገር ነው።

የዎርድስዎርዝም አበቦች እንደዚሁ ቀላል ይመስላሉ። ታሪኩ ሲታወቅ ግን ግጥሙ ይደምቃል። ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ዎርድስዎርዝ ከእህቱ ከዶሮቲ ጋር አልስዎተር በሚባለው ሐይቅ ዳር ሲሄዱ በነፋስ የሚወዛወዙ ቢጫ አበቦች አዩ። ዶሮቲ የዕለት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። አበቦቹ ይስቃሉ፣ ይጨፍራሉ አለች። እሱ ግጥሙን የጻፈው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ግጥሙ ውስጥ ግን ብቻውን ነው። እህት የለችም! ይህ ውሸት ነው ብለው የሚቆጡ አሉ። እኔ አልቆጣም። የግጥሙ ነገር የሐይቁ ዳር ሽርሽር አይደለም። የመጨረሻው ክፍል ላይ ሰውዬው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ፣ አእምሮው ባዶ ሆኖ ሳለ አበቦቹ ድንገት ይመጡበታል። ያየነው ነገር ከዓመታት በኋላ ሳንጠራው ተመልሶ ሲያስደስተን ማለት ነው። ያ ደግሞ የሚሆነው ለብቻ ነው። ስለዚያ «የውስጥ ዓይን» የሚናገሩትን ሁለት ምርጥ ስንኞች የሰጠችው ደግሞ ሚስቱ ሜሪ ናት። ራሱ ነው የመሰከረው። የአንዲት እህት ማስታወሻና የአንዲት ሚስት ሁለት ስንኝ ያሉበት ግጥም በአንድ ሰው ስም ይታወቃል። ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም።

በድምፁ ብቻ የሚማርክ ግጥም ከፈለጋችሁ የኮልሪጅ «ኩብላ ኻን» አለ። የእኛም አገር እግረ መንገዱን የሚገባበት ነው። ኮልሪጅ እንደ ጻፈው በ1797 ኦፒየም ወስዶ የድሮ የጉዞ መጽሐፍ እያነበበ እንቅልፍ ወሰደው፤ ግጥሙም በሕልሙ መጣለት። ነቅቶ ሲጽፍ ፖርሎክ ከሚባል መንደር አንድ ሰው ለጉዳይ መጣና አቋረጠው። ሲመለስ የቀረው ሁሉ ከአእምሮው ጠፍቶ ነበር። 54 ስንኝ ብቻ ቀረ፤ በ1816 ታተመ። መጨረሻው አካባቢ አንዲት ሐበሻ ልጅ መሣሪያዋን እየመታች ስለ አቦራ ተራራ ትዘፍናለች። ያን ዘፈን መልሼ ባገኝ ኖሮ ይላል ገጣሚው፣ አየር ላይ ቤተ መንግሥት እሠራ ነበር።

አቦራ የሚባል ተራራ ፈልጋችሁ አታገኙም። ነገር ግን የኮልሪጅ የእጅ ጽሑፍ ተርፏል፤ እዚያ ላይ ተራራው «አማራ» ነው። ከእሱ በፊት ሚልተን በ1667 «ፓራዳይዝ ሎስት» ላይ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚጠብቁበት የአማራ ተራራ ብሎ ጽፏል። አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት እዚያ ናት እንደሚሉም አንሥቷል። ነገሩ የደረሳቸው በተጓዦች መጽሐፍ ተጋንኖ ነው። ከጀርባው ያለው ግን የምናውቀው ነው፤ የንጉሥ ልጆች ይታሰሩበት የነበረው ግሸን አምባ። እስር ቤቱ ባሕር ተሻግሮ ገነት ሆነ። ግጥሙ ምን ማለት እንደሆነ ተቺዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ማንም ሰው ፈዝዞ ይሰማል።

ወደ አየርላንድ ስንሻገር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አየርላንዳውያን የራሳቸው ጥንታዊ ቋንቋ ነበራቸው፤ አሁንም አለ። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ተገፋ። በ1845 የድንች በሽታ ገባና ረሀብ ሆነ። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያ የሚበልጥ ተሰደደ። ብዙ የሞተውና የተሰደደው ቋንቋው በሚነገርበት የገጠር አካባቢ ስለነበር ቋንቋውም አብሮ ተመታ። ስለዚህ ቀጥለን የምናያቸው ሁለቱ የአየርላንድ ገጣሚዎች፣ ዬትስም ሆነ ሂኒ፣ የጻፉት በገዢዎቻቸው ቋንቋ ነው። ጉሮሮው ግን የራሳቸው ነው።

ዊልያም በትለር ዬትስ በ1865 ደብሊን ተወለደ። ከልጅነቱ ብዙውን ያሳለፈው በእናቱ አገር በስላይጎ ነው። በ1888 ለንደን ውስጥ መንገድ ላይ ሲሄድ ከአንድ ሱቅ መስኮት የውሃ ድምፅ ሰማ። ለማስታወቂያ የተቀመጠ ትንሽ ፏፏቴ ነበር። የስላይጎ ሐይቅ ትዝ አለው። «ዘ ሌክ አይል ኦፍ ኢኒስፍሪ» ከዚያ ወጣ። ተነሥቼ ወደ ኢኒስፍሪ እሄዳለሁ፣ ጎጆ እሠራለሁ፣ ባቄላ እዘራለሁ፣ የንብ ቀፎ ይኖረኛል ይላል። አሥራ ሁለት ስንኝ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹ ስንኞች መሐላቸው ላይ ያርፋሉ፤ «አይ ዊል አራይዝ ኤንድ ጎ ናው» ይልና ትንፋሽ፣ «ኤንድ ጎ ቱ ኢኒስፍሪ»። የወል ቤት የለመደ ጆሮ እዚህ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል። አራተኛው ስንኝ ሁልጊዜ ያጥራል፤ ውሃው ዳር እንደ መድረስ ነው። በ1999 አንድ የአየርላንድ ጋዜጣ አንባቢዎቹን ሲጠይቅ አንደኛ የመጣው ይኸው ግጥም ነበር። ከአገሩ ርቆ አስፋልት ላይ የቆመ ሰው ለምን እንደሚወደው ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዬትስ ራሱ በ1930ዎቹ በሬዲዮ ሲያነበው የተቀረጸ ድምፅ አለ። እንደ ዜማ ነው የሚያነበው። ግጥም ለማድረግ ብዙ ስለደከምኩበት እንደ ተራ ንግግር አላነበውም ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። ስሙት።

ያው ሰው «ኢስተር፣ 1916»ን ሲጽፍ ሌላ ሰው ነው። ኤፕሪል 24 ቀን 1916 ደብሊን ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ዐመፅ ተነሣ፤ በሳምንት ውስጥ ተደመሰሰ። በሜይ ወር 15 ሰዎች ተረሸኑ። ዬትስ ከሟቾቹ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል። በፊት ሲያገኛቸው ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ የሚያልፋቸው፣ ክበብ ውስጥ የሚቀልድባቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ ማክብራይድ ነው። ዬትስ ዕድሜውን ሙሉ የወደዳትን ሞድ ጎንን አግብቶ የበደላት ሰው። ዬትስ ሰካራም ጉረኛ ይለዋል። ቢሆንም ከግጥሙ አያወጣውም። መጨረሻ ላይ እንደ ሙሾ አውራጅ ስማቸውን አንድ በአንድ ሲጠራ ማክብራይድም አለ። «አስፈሪ ውበት ተወለደ» የሚለው አዝማች ይመላለሳል፤ ውበት ይላል፣ አስፈሪም ይላል፣ ሁለቱንም አይለቅም። መሥዋዕትነቱ ሳያስፈልግ የተደረገ ይሆን እንዴ ብሎም ይጠይቃል። ሞድ ጎን ግጥሙን አልወደደችውም፤ ጽፋ ነገረችው። የስንኞቹን ቁጥር ብትቆጥሩ 16፣ 24፣ 16፣ 24 ነው። አራት ክፍል፣ አራተኛው ወር። የዐመፁ ቀን ግጥሙ ውስጥ ተቀብሯል።

ሼመስ ሂኒ በ1939 በሰሜን አየርላንድ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ1995 የኖቤል ሽልማት ወሰደ። «ሚድ ተርም ብሬክ» የሚለው ግጥሙ በአራት ዓመቱ መኪና ገጭቶት ስለሞተው ታናሽ ወንድሙ ነው። ገጣሚው አያለቅስም። ከአዳሪ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ አባቱ ሲያለቅስ ያያል፤ ለቅሶ የመጡ ሽማግሌዎች ብድግ ብለው ሲጨብጡት ያፍራል። ስንኞቹ ሦስት ሦስት ሆነው በአብዛኛው ቤት ሳይመቱ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ስንኝ ብቻውን ይቆማል፤ የሣጥኑን ርዝመት በልጁ ዕድሜ ይለካል። ከላይኛው ስንኝ ጋር በግልጽ ቤት የሚመታው እዚያ ላይ ነው። እስከዚያ የተያዘው ሁሉ በዚያ ድምፅ ይዘጋል።

በ2015 የአየርላንድ ብሔራዊ ብሮድካስት ሕዝቡን ባለፉት መቶ ዓመታት ከተጻፉት የአየርላንድ ግጥሞች እንዲመርጥ ሲጠይቅ ያሸነፈው ሂኒ ለእናቱ መታሰቢያ ከጻፋቸው ሶኔቶች አንዱ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ቅዳሴ ሄደው እሱና እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ይልጣሉ። በቃ። ድንቹ ባልዲ ውስጥ ይወድቃል፣ ውሃው ይረጫል፣ ሁለቱም አይነጋገሩም። ስምንት ስንኝ እንዲህ ያልቃል። ዘጠነኛው ላይ ይታጠፋል። እናት ልትሞት ነው፤ ቄሱ አልጋዋ አጠገብ ጸሎት ያደርሳል፤ ገሚሱ ያለቅሳል። ልጁ ግን ያስታወሰው የዚያን ቀን ጭንቅላታቸው ተቀራርቦ፣ ትንፋሽዋ ትንፋሹ ውስጥ የገባበትን ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያን ያህል ተቀራርበው አያውቁም። ሼክስፒር ፍቅረኛ ያወደሰበት ዕቃ ድንች መላጥ ያዘ፤ መታጠፊያውም እዚያው ቦታው ላይ ነው። ሶኔት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ግጥሙን ይወደዋል። የሚያውቅ ሰው ግን ስምንተኛው ላይ ትንፋሹን ይይዛል።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው «ኢኒስፍሪ»ን አስቀድሞ በቃሉ እንዲይዝ እመክራለሁ። ቀጥሎ «ኦዚማንዲያስ»፣ ከዚያ የሂኒን ሁለቱን። አንድ ግጥም ሦስት ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ መዝገበ ቃላት ከሦስተኛው በኋላ ይምጣ። ሚልተንና የዬትስ የእርጅና ግጥሞች ትንሽ ይቆዩ። የዬትስ መብት በአየርላንድና በብሪታንያ ከ2010 ጀምሮ ነፃ ነው፤ ከእሱ በፊት ያረፉት ገጣሚዎችም እንደዚሁ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ሂኒ ያረፈው በ2013 ስለሆነ የእሱን መጽሐፍ መግዛት ወይም ከቤተ መጻሕፍት መዋስ ያስፈልጋል። የድንቹ ግጥም በ1987 በታተመው «ዘ ሆ ላንተርን» ውስጥ ነው፤ «ክሊራንስስ» በሚለው ክፍል ሦስተኛው።